ከይታይሽ ትከሻ ላይ

ጥድ ውሃ፣ ታች ጋይንት
ኅዳር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሪት ዓለምጸሐይ ንጉሴ
የረዳት መምህራን አሠልጣኝ፣ ደብረ ታቦር

እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ። ወረቀትዎ ከአርብ ገበያ ጨው ጭኖ በሚመለስ ነጋዴ እጅ ደረሰኝ። ጫፉ ረጥቧል እንጂ ይነበባል።

ስለ ረዳትነቱ ለጠየቁኝ ምን ብዬ ልመልስ። ያው ነው። በክረምቱ ኮርስ ላይ እንደ ነገርኩዎ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ደብር ሃያ ሁለት ዓመት ድጓ ሳስተምር ኖሬ ጉሮሮዬን ታመምኩና ድምፄ ሄደ። ድምፅ የሌለው መሪጌታ ማኅሌት ገብቶ ምን ይሠራል? ቆሞ ያያል። ቆሞ ማየቱን እዚህም አገኘሁት። ማለዳ እነሣለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳውን እጠርጋለሁ፤ ጠመኔ እየሰበርኩ አድላለሁ፤ የሕፃን ንፍጥ አብሳለሁ፤ ይመሻል፤ እተኛለሁ። የሚከፋኝም ደስ የሚለኝም የለም።

መምህሩ አቶ ፈንታው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ክፉ አይደለም፤ ይቸኩላል። ሰባ አንድ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዞ ያልቸኮለ ማን ይቸኩል። እኔ እርስዎ እንዳሳዩን ትምህርቱ የከበዳቸውን ለይቼ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ ቀስ እያሉ እየመጡ ነው። የአንዷ ነገር ግን ሌላ ነውና ምክር ልጠይቅዎ።

ይታይሽ ዋለ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ከተወለደች ጀምሮ አይሰማም፤ አትናገርምም። አባቷ ወንድሟን ሊያስመዘግብ ሲመጣ ተከትላ ገባች። ውጪ ብትባል አትሰማ፤ ብትገፋ ዞራ ትገባለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከተገፋች በኋላ አቶ ፈንታው ደከመውና ስሟን ጻፈ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ምዝገባ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

አባቷ አቶ ዋለ የሰጣት አንድ ዓመት ነው። ግንቦት ላይ ኢንስፔክተሩ ፈትኖ ካሳለፋት ትቀጥል፣ ከጣላት ቤቷ ትግባ ብሏል። የወደቀ ልጅ ደግሞ እዚህ አይደግምም፤ ቦታውን የሚጠብቅ ብዙ ስለሆነ ከመዝገብ ይሰረዛል። ቤት ከገባች የሚያወጣት የለም። አጎቷ፣ «ዱዳ ማን ያገባታል፤ እዚያው ምድጃ ሥር ትቀመጥ» ሲል ሰምቻለሁ። እሷም አጠገቡ ቆማ ፊቱን እያየች ትስቅ ነበር።

እኔ ድምፅ የለኝ፣ እሷ ጆሮ የላት። ምን ላድርጋት? ይጻፉልኝ።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ


ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ

ጤናዎን ይስጥልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እለምንዎታለሁ፤ ሁለት ወረቀት ልከው ለሁለቱም ዝም አልኩ። አሥራ ሰባት ረዳት በየደብሩ ተበትናችሁ ሁላችሁም ትጽፉልኛላችሁ። አንዱ ተማሪው አምልጦት፣ አንዱ መምህሩ ውኃ ቅዳልኝ ብሎት። የእርስዎን ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

በሁለተኛው ወረቀት ስለ አለንጋው ላነሡት፣ በሞቴ ይተዉት። ለምን እንደተመታች የማታውቅን ልጅ መምታት ማስለቀስ ብቻ ነው። ቤተ ልሔም እንዴት እንደ ተማራችሁ ነግረውኛል፤ አልከራከርዎትም። እዚህ ግን አይሆንም።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ጆሮዋ የማይሰማ ልጅ አስተምሬ አላውቅም። በኮርሱም ላይ አንድ ቃል አላነሣንም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ዓይንና ቆዳ አላት። ዕቃውን ያሳዩዋት፤ ስሙን ይጻፉላት። በሬን ለማመልከት ቀንድ፣ ውሃን ለማመልከት መጠጣት፣ እንዲህ እያላችሁ ሁለታችሁ የምትግባቡበት የእጅ ምልክት አብጁ። እሷ መጻፊያ እንጨቷ ላይ ስትጽፍ እርስዎ ፊደሉን በጣትዎ ትከሻዋ ላይ ይጻፉላት። ገላዋ ይያዘው። ከጎኗ አይራቁ፤ እጅዎ አይለያት።

ደግሞ «ድምፅ የለኝም» ማለቱን ይተዉ። ኮርሱ ላይ ከኋላ ተቀምጠው በሹክሹክታ ሲተርቡን እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማ ነበር። የጫማዬንም ነገር ሰምቻለሁ።

አክባሪዎ
ዓለምጸሐይ ንጉሴ


ጥድ ውሃ
የካቲት 25 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዓለምጸሐይ

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ባቄላችንን እየቆረጠምን አለን። የጫማውን ነገር እንዳልሰሙ ይቁጠሩልኝ።

አለንጋውን ለፈንታው ሰጥቼዋለሁ፤ ለበቅሎው ይሆነዋል።

እንደ መከሩኝ አደረግሁ። ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ከጎኗ እቀመጣለሁ። በሬ፣ ማረሻ፣ ውሃ፣ እንቁላል፣ ቅል፣ ድንጋይ እያልን እስከ ትናንት አርባ ሦስት ቃል ደርሰናል። ፊደሉን ትከሻዋ ላይ ስጽፍላት ዓይኗን ጨፍና ትቀበለዋለች፤ ከዚያ እጇ እንጨቱ ላይ ይሄዳል። ሰው ማውራቱ አልቀረም። «ደብተራው በልጅቱ ትከሻ ላይ አስማት ይጽፋል» ተባለ። እናቷ ካሣነሽ ግን አሹቅ በቅል ይዛ መጣችና ጉልበቴን ሳመች። አሹቁን በላሁ።

ባለፈው ሳምንት ዕረፍት ላይ እጄን ጎትታ አወጣችኝ። የአቶ ዋለ በሬ ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። በጣቷ አፈሩ ላይ «በሬ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በሬውን፣ ከዚያ አፈሩን፣ ከዚያ እኔን እያየች ዘለለች። ደስ አለዎት ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል፤ አላውቅም። ደስ የሚል ነገር መሆኑን ግን አወቅሁ። ሌላ ሰው ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ብቻዋን ስለ መጻፏ ለጠየቁኝ፣ እጄ ትከሻዋ ላይ ካለ ትጽፋለች። ሳልጽፍላት እንኳ እጄ ካረፈ ትጽፋለች። ከተነሣ ግን እጇም ይቆማል። ለግንቦት ይደርሳል ብዬ አስባለሁ።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ


ጥድ ውሃ
ሰኔ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዓለምጸሐይ

«የሆነውን ከሌላ ሰው ከምሰማ እርስዎ ይጻፉልኝ» ስላሉኝ ይኸው።

ኢንስፔክተሩ ግንቦት 24 ቀን መጣ። የቁጥሩ ፈተና በሰላም አለፈ። የቃል ጽሕፈት ላይ አቶ ፈንታው ቃሉን እየጠራ ልጆቹ ይጽፋሉ። ይታይሽ የሚጠራውን አትሰማምና እኔ ከጎኗ ቆሜ ምልክቱን በእጄ እንዳሳያት ፈንታው ፈቀደ። በሬ ተባለ፤ ቀንድ አሳየኋት፤ ጻፈች። ውሃ ጻፈች። እንቁላል ጻፈች። አራተኛው ቀንበር ነበር። ምልክቱን ሰጠኋት። «ቀ» ብላ ጻፈችና ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። እጄን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩና «ን»ን ጻፍኩላት።

አልዋሽም። ጻፍኩላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ተማሪ ድጓውን ሲያስመሰክር መካከል ላይ ቢደናቀፍ መምህሩ ጫፉን ያነሣለታል፤ እሱ ይቀጥላል። ነውር ነው የሚል የለም። ዝም ብሎ የሚያየው መምህር ነው የሚታማው። እጄ ሳላስበው ሄደ። ኢንስፔክተሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ማታለል ነው» አለ። ወረቀቷን አነሣ። ስሟን ከመዝገቡ በቀይ ሰረዘው። ለእኔም፣ «ለበላይ አስታውቃለሁ» አለኝ። ይታይሽ የሆነውን አላወቀችም። ወረቀቷ የወደቀ መስሏት ጎንበስ ብላ ወንበር ሥር ትፈልግ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ እርስዎንም መጠየቁ አይቀርም። «እጅዎ አይለያት» ያሉኝ ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። አውጥቼ አላሳይም፤ እርስዎ በአፍዎ ይንገሯቸው። ስለ እኔ አይደለም የምለምንዎ። የልጅቱ ስም ይመለስ።

ቀለመ ወርቅ


ደብረ ታቦር
ሰኔ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ

ወረቀትዎ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤቱ ጠርቶ ጠይቆኛል፤ መልሻለሁ። ስለዚያ አሁን ብዙ አልጽፍም፤ ይቅር ይበሉኝ።

የልጅቱን ነገር ይዤ ኢንስፔክተሩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ መስከረም ላይ እንደ ገና ሊፈትናት ተስማማ። የቃል ጽሕፈት አይሆንም፤ አሥር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይደረድርና ስማቸውን ትጽፋለች። ሰባት ካገኘች ስሟ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። ካላገኘች ዳግመኛ የለም። እርስዎ ግን በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ አይገኙም። ክፍሉ ብቻም አይደለም፤ ከደብሩ ይውጡ ብሏል። በመስኮት ምልክት ይሰጣታል ብሎ ይሰጋል።

ስለዚህ ሥራው ተገልብጧል። እስካሁን እጅዎን መስጠት ነበር፤ ከአሁን በኋላ እጅዎን ማንሣት ነው። አንድ ጊዜ አይንጠቋት። መጀመሪያ ሙሉውን ቃል መጻፉን ይተዉና የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ይስጧት። ቀጥለው እጅዎን ያሳርፉ እንጂ አይጻፉ። ከዚያ ያንሡት። ከዚያ አንድ እርምጃ ይራቁ። ከዚያ ይውጡ። ብትቆም ይጠብቋት። ብታለቅስም ይጠብቋት።

እጅ እንዴት እንደሚሰጥ ስድስት ሳምንት ሙሉ አስተማርኳችሁ፤ እንዴት እንደሚነሣ አንድ ቀን አላስተማርኩም። ጊዜ አጠረኝ እል ነበር። እውነቱ ግን አላሰብኩትም።

ዓለምጸሐይ ንጉሴ


ጥድ ውሃ
ሐምሌ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዓለምጸሐይ

እንደምን ከረሙ? እዚህ ዝናቡ አላባራም። ገብሱ ደኅና ነው ይላሉ።

የማሰናበቻው ወረቀት ሰኔ 28 ቀን ደረሰኝ። አነበብኩት። አጣጠፍኩና መጽሐፍ ውስጥ አስገባሁት። በማግስቱ አቶ ዋለ ቤት ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ካልሞላ በቀር በየቀኑ እሄዳለሁ። አቶ ዋለ፣ «መሪጌታ፣ ከሥራ ወጥተው ምን ያለፋዎታል?» ይለኛል። «ሌላ የምሄድበት የለኝም» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ቀልዴ መስሎታል።

ቁርበት ዘርግተን አመድ በትነን እዚያ ላይ ትጽፋለች። የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ መስጠት አንድ ሳምንት ፈጀ። ደኅና ሄደ። ሳልጽፍ ማሳረፉም ደኅና ሄደ። እጄን ያነሣሁ ቀን ግን ዞር ብላ እጄን ያዘችና ትከሻዋ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። አነሣሁት። መለሰችው። አሁንም አነሣሁት። ነከሰችኝ። ጥርሷስ ደኅና ነው፤ ምልክቱ እስካሁን አውራ ጣቴ ላይ አለ። ከዚያ አመዱን በእግሯ በትና ወጣች።

ስምንት ቀን አንድ ፊደል አልጻፈችም። በየቀኑ መጥቼ እቀመጣለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ካሣነሽ፣ «ኧረ እባክዎ አባቴ፣ ቢያንስ ዳበስ ያድርጓት፤ አንጀቴ ተቃጠለ» ትለኛለች። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀብሬ እቀመጣለሁ። በዘጠነኛው ቀን ራሷ መጥታ አመዱን አስተካክላ «ቅል» ብላ ጻፈች። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ አላየችኝም።

ስለ ሆዴ ለጠየቁኝ፣ ሆዴ ምንም አይለኝም። ጨክኜ አይደለም። እጄ ብቻ ነው የሚከብደኝ፤ የት እንደማስቀምጠው አጣሁ።

ቀለመ ወርቅ


ደብረ ታቦር
ነሐሴ 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ

እንኳን ለጾሙ መፈሰኪያ አደረሰዎ። የዚህን ወረቀት መጀመሪያ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ እንዲህም ሆኖ ሰላምታዬ አጭር ነው።

ሰኔ 12 ቀን መሥሪያ ቤቱ ሲጠራኝ፣ «እጅ እንዲሰጣት አንቺ መክረሽዋል ወይ?» አሉኝ። «አልመከርኩም» አልኩ። በደንብ አስቤ ነው የመለስኩት። አዎ ብል የረዳቶቹ ኮርስ ከነጭራሹ ይዘጋል፣ አሥራ ሰባቱም ወደየቤታቸው ይገባሉ ብዬ ፈራሁ። ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ደግሞ ለራሴ ፈራሁ። ሴት ናት፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች የሚል ሞልቷል፤ አፋቸውን የምከፍትላቸው መሰለኝ። ከዚያ የማሰናበቻው ደብዳቤ ላይ እንደ አሠልጣኝነቴ ፈርሚ አሉኝ። ፈረምኩ።

ወንድሜ ይመስል እየመከርኩ ወረቀት ስልክልዎ ይህን ይዤ ነበር። እርስዎ «ነከሰችኝ» ብለው ሲጽፉልኝ አለቀስኩ፤ አፈር ስሆን፣ እሱም ለራሴ ነበር።

ባለፈው ሰኞ እውነቱን ጽፌ አስገባሁ። ኮርሱ አልተዘጋም፤ ከእኔ ተወስዶ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ መዝገብ ቤት ተቀምጫለሁ። በመስከረሙ ፈተና ላይ ግን ታዛቢ ሆኜ እንድመጣ ለመንኩ፤ ይሁን ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት ድፍረቱን አላገኘሁም። ከፈለጉ አይመልሱልኝ። የልጅቱን ነገር ግን ይጻፉልኝ።

ዓለምጸሐይ


ጥድ ውሃ
ጳጉሜን 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ዓለምጸሐይ

አውቅ ነበር። የማሰናበቻው ወረቀት ግርጌ ፊርማዎ አለ። የፊርማዎን ጭራ ከአሥር ወረቀት መሐል እለየዋለሁ። ከሰኔ 28 ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ዝም ያልኩት ብልህ ሆኜ አይደለም። እርስዎን ባኮርፍ «ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ልጅቱ ደግሞ መስከረም ደረሰባት። አልተናደድኩም። ብናደድ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንድ ነገር በሆነልኝ። እንጨት ሆኛለሁ። ይቅርታውን በቃል ብልዎ ባዶ ቃል ይሆናል፤ ስለዚህ ልቤ ሲመለስ እጽፍልዎታለሁ።

አሁን ስለ ይታይሽ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ እርምጃ ራቅሁ። ከዚያ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። ነሐሴ 27 ቀን አሥር ዕቃ ደርድሬላት ወጣሁና ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ስንት ጊዜ ልመለስ ብዬ እግሬ እንደ ተነሣ እኔ ነኝ የማውቀው። ገብቼ ሳይ ዘጠኙን ጽፋለች። ስምንቱ ልክ ናቸው። ካሣነሽ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ፤ አልተፈተነችምና።

እንዳዘዙኝ ነገ ከደብሩ እወጣለሁ። ስማዳ፣ ወገዳ ላይ የእኅቴ ልጅ አዲስዓለም አለች፤ እሷ ዘንድ እቀመጣለሁ። ለይታይሽ መሄዴን በምልክት ልነግራት ሞከርኩ። መንገዱን አሳየኋት፤ እጄን አራገብኩ። ገብቷት እንደሆነ አላወቅሁም። አመዷን ስታስተካክል ተውኳት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። በፈተናው ቀን ፈልጋኝ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ለእኔ አዝነው የሌለ ነገር እንዳይጽፉ፤ ያለውንም እንዳይደብቁኝ።

ቀለመ ወርቅ


ጥድ ውሃ
መስከረም 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ ወገዳ

እንኳን አደረሰዎ። ይህን የምጽፈው እርስዎ ቦታ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ጥጉ ላይ ያለው ድንጋይ ይቆረቁራል፤ እንዴት ዓመቱን ቻሉት?

ሰባቱን አግኝታለች። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልዎ፤ ሆድዎ እንዳይንጠለጠል። ስሟ መዝገቡ ላይ ተመልሷል። ሁለተኛ ክፍል ከመስቀል በኋላ ይከፈታል፤ አዲስ መምህርም መጥቷል።

እንዲህ ነበር። ከትናንት ወዲያ ጠዋት አባቷ ይዟት መጣ። ካሣነሽ ቀሚሷን አጥባላታለች። ኢንስፔክተሩ ዘጠኝ ዕቃ ደረደረ፤ ቅል፣ ድንጋይ፣ እንቁላል፣ ገመድ፣ ማጭድ፣ ሌሎቹንም። አሥረኛ ሲያጣ የእጁን ሰዓት ፈትቶ አስቀመጠ። ፈንታው ገርጥቶ አየኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዘጠኙን ሳታቆም ጻፈች። ሰባቱ ልክ ነበሩ፤ ገመድንና ማጭድን አበላሸች። ሰዓቱ ላይ ስትደርስ አነሣችው። ገለበጠችው፣ አሸተተችው፣ በጥርሷ ነካ አደረገችው። ኢንስፔክተሩ ሊነጥቃት እጁን ዘረጋና ተወው። ትንሽ አሰበች። ከዚያ «ብረት» ብላ ጻፈች። «ይህን ማን አስተማራት?» አለ። ፈንታው፣ «ማንም» አለው። ኢንስፔክተሩ ስሕተት የሚያርምበትን ቀይ እርሳስ እንደያዘ ቆየና ኪሱ ከተተው። ስምንት ብሎ መዘገበላት።

የጠየቁኝን ልመልስ። እምልልዎታለሁ፣ እያንዳንዱን ነገር እያየሁ ነበር። አልፈለገችዎትም። ወደ በሩ አልዞረችም፤ ወደ ጎኗም አላየችም። ስትጨርስ ወረቀቱን ለኢንስፔክተሩ ሰጥታ ከልጆቹ ጋር ወጣች። ዛሬም ሰላም ልበላት ብዬ ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለምትጫወት አልመጣችም።

ስንብትዎ ተሽሯል፤ ወረቀቱ ፈንታው ዘንድ አለ። አንደኛ ክፍል ዘንድሮ ሰማንያ አራት ልጅ ተመዝግቧል። የይታይሽን ነገር ሰምተው ከቆላው ወገን ሁለት የማይሰሙ ልጆች በአህያ ጭነው አምጥተዋል። አንደኛው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ይመለሱ ብዬ ለመጠየቅ መብት የለኝም። ቢሆንም ይመለሱ።

ዓለምጸሐይ


ወገዳ፣ ስማዳ
መስከረም 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓለምጸሐይ

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እልሻለሁ፤ ይቅርታው ይኸው ነው። ልቤ ሲመለስ እጽፋለሁ ብዬሽ ነበር፤ ተመለሰ፤ ባልተመለሰ የሚያሰኝ አመላለስ ነው።

ወረቀትሽ ቅዳሜ ገበያ ላይ ደረሰኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ስምንት የሚለውን አነበብኩ፤ ተመስገን አልኩ። ብረት የሚለውን አነበብኩ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የለመንኩሽን አነበብኩ። አልደበቅሽኝም፤ እግዜር ይስጥሽ። አጣጠፍኩና ጨው ለአዲስዓለም ገዝቼ ተመለስኩ።

ይህንኑ ነበር የደከምኩበት። እንዳትፈልገኝ ነው ክረምቱን ሙሉ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀብሬ የተቀመጥኩት። ደስ ሊለኝ ይገባል እያልኩ ጨውን ለአዲስዓለም ሰጠሁ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን እንደ ገና አወጣሁ። ከፋኝ፣ ልጄ። እንዴት አድርጎ እንደ ከፋኝ ልነግርሽ አልችልም። የሆነ ነገር ከሆዴ ተነሣና አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ።

አዲስዓለም ወረቀት ይዤ ሳለቅስ ስታይ መርዶ የመጣ መሰላት። ጮኸች። ጎረቤቱ ድስቱን እንደ ጣደ፣ እርፉን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ግቢው ሞላ። አንዲት ባልቴት አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ «ማን ነው የኔ ጌታ? ወንድም ነው? ልጅ ነው?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «ታዲያ ምን መጣ?» «አንዲት ልጅ ሁለተኛ ክፍል ገባች» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ኀዘኑ ራሱን ያሳተው መሰላቸው መሰለኝ፣ አንድ ሰው ውኃ አጠጡት አለ። እውነቴን ነው ብል የሚያምነኝ የለም፤ ማልቀሴንም ማቆም አልቻልኩም። ሰኞ ወደ ጥድ ውሃ እነሣለሁ፤ ለሁለቱ ልጆች አንድ አንድ መጻፊያ እንጨት ፈንታው ያዘጋጅልኝ፤ የአሥራ ሦስት ዓመቱን ማንም እንዳይጮኽበት ንገሪው።

ሰዎቹስ ምን አደረጉ ብትዪኝ፣ አልሄዱም። ነጠላቸውን አስተካክለው መደቡ ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ባልቴቷ እጄን ያዙኝ። እስኪመሽ ድረስ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ አለቀሱ።

ቀለመ ወርቅ